ሳናነብ የፈረምንበት ዓመት

ባለፈው ጥር ለአክስቴ ልጅ ሰርግ መካነ ሰላም ሄጄ ነበር። ከመናኸሪያው ወጥቼ ወደ ገበያው ስታጠፍ አንድ የጭነት መኪና የስፖንጅ ፍራሽ ያራግፋል። ፍራሾቹ ገና ከነላስቲካቸው ናቸው። ያ የአዲስ ስፖንጅ ሽታ፣ ጎማም ሙጫም የሚመስለው፣ አፍንጫዬ ሲገባ መንገዱ መሀል ቆሜ ቀረሁ። ፍራሽ የተሸከመው ሰውዬ «እህት ዓለም፣ ወይ እለፊ ወይ አሳልፊኝ» ብሎ እስኪቆጣኝ ድረስ አልተንቀሳቀስኩም። ሌላው ሰው ትምህርት ቤቱን በጠመኔ ሽታ ያስታውስ ይሆናል። የእኔ ትምህርት ቤት የሚሸተው አዲስ ፍራሽ ነው።

ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል በገባን ዓመት፣ ትምህርት በተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት ክፍላችን ውስጥ አልጋ ገባ። አልተሳሳትኩም፤ አልጋ ነው ያልኩት። ብየዳ ቤት የተሠራ፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ባለ ሁለት ደርብ የብረት አልጋ አራት ወንዶች ተሸክመው አመጡና ከኋላ ግድግዳው ጥግ አቆሙት። ከላይም ከታችም አዲስ ፍራሽ ተነጠፈበት። እኔ ታሞ የሚተኛ አስተማሪ የመጣ መሰለኝ። አብራኝ ቤት የተከራየችው ጓደኛዬ እንጉዳይ ደግሞ «የፈተና ወረቀት የሚጠብቅ ዘበኛ ሊያድርበት ነው» ብላ ማለች። ቀኑን ሙሉ ዞር እያልን እሱን ስናይ የሂሳብ አስተማሪው ተናደው ወጡ።

አልጋውን ያስመጡት ቲቸር ሙሉነሽ ነበሩ። ጂኦግራፊ ያስተምሩናል። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸው ነበር። አጭር ናቸው። በጭቃው ወራት የላስቲክ ቦት ጫማ ያደርጋሉ፤ የሹራባቸው ኪስ ሁልጊዜ በጠመኔ ብናኝ ነጭ ነው። ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰምቼ አላውቅም፤ የሚፈሩትን ያህል ግን ርዕሰ መምህሩም አይፈሩም።

«ይኼ ከእንግዲህ ቤታችሁ ነው» አሉን። «ፈተናውን የምትወስዱት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሄዳችሁ ነው። የምትተኙትም እንዲህ ያለው ላይ ነው። አምና ከዚህ የሄደች አንዲት ልጅ ላይኛው አልጋ ላይ መውጣት አፍራ አራት ቀን ሲሚንቶ ላይ ተኝታ፣ ጀርባዋን ይዟት ተፈተነች አሉኝ። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ወሬ አልሰማም።»

ከዚያ ወንዶቹን አስወጡ። «ሴቶቹ ቀሚስ ለብሰው ነው የሚወጡት» አሉ፣ በሩን ዘጉ፣ እኛም ተራ በተራ ወጣን። እኔ መውጣቱን ወጣሁ፤ መውረዱ ጠፍቶኝ ብረቱን እንደ ድመት አቅፌ ቀረሁ። በወንዶቹ ተራ ረጅሙ ሰይድ ሲጋደም ከጉልበቱ በታች ያለው እግሩ ከአልጋው አልፎ አየር ላይ ተንጠለጠለ። ሳቃችን ጋብ ሲል ቲቸር ሙሉነሽ ቀጠሉ።

«አንድ ክፍል ውስጥ የምታድሩት ስድስት ሆናችሁ ነው። አንዷ ትሰግዳለች፣ አንዷ ትጾማለች፣ አንዷ ሌሊቱን ሙሉ ታንኮራፋለች። ሦስቱንም ታከብራላችሁ። ለምታንኮራፋዋ ግን ጥጥ ይዛችሁ ሂዱ።»

የእኔ ነገር እንዲህ ነበር። ቤታችን ከመካነ ሰላም በእግር ሦስት ሰዓት የሚያስኬድ ገጠር ውስጥ ነው። ከእንጉዳይ ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለስንቅ እየወጣን፣ እሑድ የገብስ ቆሎና ድርቆሽ ተሸክመን እንመለሳለን። ታላቅ እህቴ መዲና ዐረብ አገር ከሄደች አራት ዓመት ሞልቷት ነበር። ቤታችን ቆርቆሮ የለበሰው በእሷ ላብ ነው፤ እኔም የተማርኩት በእሷ ላብ ነው። አባባ ነገሩን ቁርጥ አድርጎ ነግሮኛል። ፈተናውን ካለፍኩ ዩኒቨርሲቲ እገባለሁ፤ ከወደቅኩ ወደ መዲና እሄዳለሁ። ፓስፖርቴ ወጥቶ እናቴ ሳጥን ውስጥ፣ ከሻሿ ሥር ተቀምጧል። እኔ የምፈልገው ፋርማሲ ማጥናት ነበር። ለምን ቢሉኝ የከተማው መድኃኒት ቤት ውስጥ ያለችው ሴት ነጭ ጋዋኗ ደስ ይለኛል ከማለት የተሻለ መልስ አልነበረኝም፤ ፍላጎቴ ግን ያንገበግበኝ ነበር።

ኅዳር ላይ ቲቸር ሙሉነሽ የቅዳሜ ትምህርት ጀመሩ። በሩ ላይ ሁለት ዝርዝር ለጠፉ። አንደኛው «የመጽሐፍ ምድብ»፣ ሁለተኛው «የኑሮ ምድብ» ይላል። የመጽሐፍ ምድብ ፈተና ይለማመዳል። የኑሮ ምድብ ምን እንደሚሠራ አልተጻፈም። እኔ ከክፍሉ አንደኛ ነበርኩ፤ ይኼን ስናገር አላፍርም፣ ያኔማ ጭራሽ አላፍርም ነበር። ስሜን ከመጽሐፍ ምድብ ፈለግሁት፣ የለም። የኑሮ ምድብ ሁለተኛ መስመር ላይ አገኘሁት። ከእኔ በላይም ከእኔ በታችም ዐረብ አገር ለመሄድ ቀን የሚጠብቁ ሴቶች ስም አለ።

ጆሮዬ ጋለ። አባባ በድብቅ መጥቶ «እሷን ተዋት፣ መሄዷ ነው» ብሎ የነገራቸው መሰለኝ። እውነት ለመናገር ሌላም መሰለኝ፤ ቲቸር ሙሉነሽ እንደማላልፍ አይተው ተስፋ የቆረጡብኝ። ሁለተኛ የሚወጣው ሰይድም እዚያው ምድብ ውስጥ ነበር። ለእሱም ምክንያት አላጣሁለትም፤ አጎቱ መኪና ስላለው ሾፌር ሊያደርጉት ነው አልኩ። እንጉዳይ የመጽሐፍ ምድብ ደርሷት ስትዘልል ሳያት ደግሞ ያን ቀን ሽሮዋን ሳላማስልላት አሳረርኩባት። አውቄ ነው ያደረግሁት።

የኑሮ ቅዳሜ ግን ቀልቤን ያዘው። ባንክ ቤት ወረፋ ይዘን የገንዘብ መላኪያ ቅጽ ሞላን። ቁልፍ ሰፋን፤ ወንዶቹም ሰፉ። ጤና ጣቢያ ሄደን የሚያመንን ሳንሽኮረመም ለነርሷ መናገር ተለማመድን። ሰይድ ሆዱን ይዞ «ትንሽ ነው፣ ደህና ነኝ» ሲል ቲቸር ሙሉነሽ «ደህና ከሆንክ ምን ልትሠራ መጣህ?» ብለው መለሱትና እንደገና አስገቡት። የማናውቀው ከተማ ገብተን ሰው መንገድ ስንጠይቅ ማንን መምረጥ እንዳለብን፣ ማንን መተው እንዳለብን አስተማሩን። እኔ ኩርፊያዬን እንደያዝኩ ሁሉንም ጻፍኩ።

አንድ ዓርብ በየካቲት ወር ክፍል ገብተው ለኑሮ ምድብ ልጆች ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ወረቀት አደሉን። «ፈርሙና መልሱልኝ» አሉ፣ ሌላ ቃል አልጨመሩም። የመጀመሪያዋ ፈራሚ እኔ ነበርኩ። ፊርማዬን ያኔ አዲስ ነበር ያወጣሁት፤ ጭራውን ረዘም አድርጌ ጎትቼ ሰጠኋቸው። ዐሥራ ዘጠኝ ነበርን፣ ዐሥራ ዘጠኛችንም ፈረምን።

በማግስቱ ስንመጣ በሩ ላይ ባልዲና መጥረጊያ ተደርድሯል። ከወረቀቶቹ አንዱን አንስተው አነበቡልን። «እኔ ከዚህ በታች የፈረምኩት፣ የመምህራን ማረፊያውን ወለል ለአራት ቅዳሜ በውሃና በሳሙና ለማጠብ በፈቃዴ ተስማምቻለሁ።»

ጩኸቱን ልነግራችሁ አልችልም። «ቲቸር፣ ኧረ በአላህ! እርስዎ ስለሰጡን እኮ ነው!» አለ ሰይድ። «እርስዎ የሰጡንን ወረቀት ማገላበጥ እርስዎን መጠራጠር አይሆንም?»

«እሱን ነው የጠበቅሁት» አሉ። ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እኛ አገር ትልቅ ሰው የሰጠውን ወረቀት ማንበብ ነውር ነው የሚመስለን። እኔም በልጅነቴ እንደናንተው ነበርኩ። ሰውየው ይቀየመኛል ብለን እንፈርማለን፣ ከዚያ ዕድሜ ልካችንን እኛ እንቀየማለን። ማንበብ ስድብ አይደለም፤ ‹ልየውና እፈርማለሁ› ብሎ መቀመጥ ነው። በዚህ የሚቆጣ ሰው ካጋጠማችሁ ወረቀቱ ውስጥ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንች ከክፍሉ አንደኛ ነሽ። ሳታነቢ በመፈረምም አንደኛ ወጣሽ።»

ያን ጊዜ ያጠራቀምኩት ሁሉ ፈነዳ። ቆሜ «ቲቸር፣ አላልፍም ብለው አይደል እዚህ የከተቱኝ?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። ከልባቸው ነው የደነገጡት። «ዘሀራ፣ ኧረ አንች ልጅ! አንች ታልፊያለሽ ብዬ ነው እንጂ። ፈተና የምታልፉትም ዐረብ አገር የምትሄዱትም ለእኔ አንድ ናችሁ፤ ሁላችሁም ቶሎ ከእጄ የምትወጡ ናችሁ። የወደቀው ልጅ እዚሁ ነው ያለው፣ እናቱም አለች፣ እኔም አለሁ። እናንተን ግን ከዚህ በኋላ አላገኛችሁም። ሒሳቡንማ በራስሽም ትችይዋለሽ።»

ቁጭ አልኩ። ከኅዳር ጀምሮ ስጠላቸው የኖርኩትን ሴትዮ አየኋቸውና በጣም አፈርኩ። ወለሉን አራት ቅዳሜ አጠብን። እሳቸውም ቦት ጫማቸውን አድርገው፣ ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው አብረውን አጠቡ። «እርስዎ ምን አደረጉ?» ብንላቸው ሃያኛውን ወረቀት አሳዩን። የራሳቸው ፊርማ ነበረበት። እኔ በሕይወቴ ብዙ አስተማሪ አይቻለሁ፤ የሚያስተምርበትን ቅጣት ከተማሪው ጋር በርከክ ብሎ የሚቀበል ሌላ አላየሁም።

ግንቦት ውስጥ በአንድ የገበያ ቀን አባባ ሰው ልኮ ሻይ ቤት አስጠራኝ። ከአንድ ደላላ ጋር ተቀምጧል። ደላላው የተከበረ ሰው ነው፤ ለስላሳ አነጋገር አለው፣ ሐዘን ቤት ቀድሞ ይደርሳል፣ አባባንም «አያ ሐሰን» እያለ ነው የሚያናግረው። «አሰላሙ አለይኩም፣ ዘሀራዬ» ብሎ ተነስቶ ጨበጠኝ። ወረቀት ዘረጋ፣ እስክሪብቶም ከደረት ኪሱ አውጥቶ ከፈተልኝ።

«ቦታ ለመያዝ ብቻ ነው» አለኝ አባባ። «ካለፍሽ ይቀራል። ፈርሚለት፣ ሰውየው መንገደኛ ነው።»

እስክሪብቶውን ያዝኩ። ጣቴ ወረቀቱን ነክቷል። እንዴት እንደወጣ አላውቅም፣ «ልየውና እፈርማለሁ» አልኩ።

የአባባ ፊት ጠቆረ። «ምን ማለትሽ ነው? ሰውየውን ያመጣሁት እኔ አይደለሁ?» አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰው እንዳይሰማ። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አባባን በሰው ፊት አሳፍሬው አላውቅም። ደላላው ሳቀ። «ተማሪ አይደለች አያ ሐሰን፣ ታንብበው እንጂ» አለ፤ ግን ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አየ። ሁለተኛ ሲያይ ነው ልቤ የጸናው።

ፊደሉ ደቃቃ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ዕድሜዬን ሃያ አራት ብሎታል። ዐሥራ ሰባቴን ገና አልጨረስኩም ነበር። ሁለተኛው ገጽ ላይ የምበርበት ቀን ተጽፏል፤ ሰኔ ነው። ፈተናው ሐምሌ ነው።

አባባ ቁርኣን ከልጅነቱ ጀምሮ ይቀራል፤ የአማርኛ ፊደል ግን አያውቅም። ፊቴን አይቶ «ምን ይላል?» አለኝ።

ነገርኩት። «እስቲ እንደገና፣ ቀስ ብለሽ» አለኝ። ቃል በቃል አነበብኩለት። ሻይ ቤቱ ውስጥ አጠገባችን ያሉትም ሰሙ።

«ከፈተናው በኋላ አላልከኝም?» አለው ደላላውን።

«እሱማ ይስተካከላል አያ ሐሰን። ወረቀት አይደል?»

«እንግዲያው ሲስተካከል አምጣው» አለ አባባ። ወረቀቱን አጥፎ መለሰለት፣ የሻዩንም ከፈለለት። ደላላው ሲወጣ አልጨበጠንም።

አባባ ገበያውን ሁለት ዙር ዞረ። ጨው ገዛ፣ ለእኔም ሙዝ ገዛልኝ። በመጨረሻ «ማንበብ ያስተማረችሽ ሴትዮ ወዴት ናት?» አለኝ። ማንበብ ያስተማረኝ አንደኛ ክፍል ሌላ ሰው ነው ልለው ነበር፤ የወለሉን ነገር ቤት አውርቼው ስለነበር የትኛዋን እንደሚል ሲገባኝ አፌን ያዝኩ። ቲቸር ሙሉነሽን የመምህራን ማረፊያው በር ላይ አገኘናቸው። አባባ ቆቡን አስተካክሎ ሁለት እጁን ዘረጋላቸው።

«አላህ ይስጥልኝ፣ እትዬ። ልጄን ሰው አደረጉልኝ።»

«አብሽሩ ጋሽ ሐሰን» አሉት። «ልጅዎ ጎበዝ ናት። ወለል አስተጣጠቧ ብቻ ይቀራታል።» ሦስታችንም ሳቅን። እኔ ሳቁን አላቆም ብዬ እንባዬ መጣ።

በሐምሌ ዝናብ ለፈተና ሄድን። አቀስታ ከተማን ስናልፍ ጉም አውቶቡሱን ውጦት፣ ብርዱ ጉልበታችንን ያንቀጠቅጥ ነበር። ግቢው ደርሰን የመኝታ ክፍሉ በር ሲከፈት ያ የፍራሽ ሽታ ተቀበለን። ከሌላ ወረዳ የመጣች አንዲት ልጅ ሻንጣዋን ታቅፋ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች፤ ላይኛው አልጋ ነው የደረሳት። «ነይ፣ በዚህ በኩል ነው እግርሽን የምታደርጊው» አልኳት። የመካነ ሰላም ልጆች ግን ያን ቀን እንደ ጦጣ ነው የወጣነው።

ውጤት ሲመጣ አለፍኩ። ሰይድም አለፈ። እንጉዳይ ትንሽ ጎደላትና ክፍላችን ውስጥ ተቃቅፈን አለቀስን። ቲቸር ሙሉነሽ የእንጉዳይ እንባ ሳይደርቅ መጡ፣ ጃንጥላቸውን በር ላይ አቆሙ፣ «ማልቀሱን ነገ ትጨርሺዋለሽ፤ ዛሬ ምዝገባ አለብን» ብለው ወደ ቴክኒክና ሙያ ይዘዋት ሄዱ። ለወደቀው ልጅ እኔም አለሁ ያሉት ለወሬ አልነበረም።

እኔ ወደ ቤት ወጣሁ። የቀረኝ ለመዲና መንገር ነበር፤ ፈርቼም ነበር። አጠገቧ እንድሆን ስንት ደክማለች፣ ቦታም ፈልጋልኛለች። ኔትወርክ የሚሠራው ከቤታችን በላይ ካለው ጉብታ ላይ ስለሆነ ከአባባ ጋር ወጥተን በቪዲዮ ደወልንላት። ፊቷ ከስቷል። ስነግራት «ማሻአላህ! ማሻአላህ!» እያለች አጨበጨበች። ቅሬታ አልነበረባትም። የሻይ ቤቱን ነገር አባባ ራሱ አጫወታት፤ ወረቀቱን እንዳነበብኩ፣ ደላላው እንዳፈረ፣ ሁሉንም።

እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ «ዘሀራ፣ የእኔም ወረቀት አለኝ» አለች። «የአማርኛው ሻንጣዬ ውስጥ ነው። አራተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፣ ማንበቡ ይከብደኛል። ፎቶ አንስቼ ልላክልሽና አንብቢልኝ።»

ላከችልኝ። አራት ገጽ ነው። ለፀሐዩ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ስልኩን ወደ ዓይኔ አስጠግቼ አነበብኩላት። ውሉ የሁለት ዓመት ነው። ሲያልቅ ሠራተኛዋ ወደ አገሯ የመመለስ መብት አላት፤ የመመለሻ ቲኬቷን የሚከፍለው አሠሪው ነው።

«ሁለት ዓመት?» አለች።

«ሁለት ዓመት ይላል። ያንች ካለቀ ቆይቷል፣ መዲና።»

እኛ ቤት መዲና አገሩን ለምዳዋለች፣ ወዳዋለች ነበር የሚባለው። አባባም እናቴም ይኼን እያሉ ነው ራሳቸውን ሲያጽናኑ የኖሩት። አባባ አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መሬቱን በዱላው ይጭራል። መዲና ሻሿን ወደ አፏ አስጠጋች።

«እኔ እኮ» አለች፣ «እዚህ የቀረሁት እናንተ ነይ ሳትሉኝ ቀርታችሁ ነው ብዬ ነበር።»

አባባ ተነሳ። ስልኩን ከእጄ ተቀበለኝ። በሁለት እጁ ወደ ፊቱ አስጠግቶ ያዘው።

«ነይ» አላት።